ደጅ የቀረው ታላቅ ወንድም (ስለ መንፈሳዊ ጭውውቶቻችን የቀረበ ሂስ)



የካምፓችን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለመጪው በዓል ጭውውት በማዘጋጀት ላይ መሆናቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። የመረጡት ጭውውት «የጠፋችው ልጅ» የተባለው መሆኑን ስሰማ ግን ደስታዬ ወደ ጭንቀት ተለወጠ። ይኸ ጭውውት ከጦርነቱ በፊት በካርቱም፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር የታየ ነው። ጽሑፉ በአንዲት ልጅ ደብተር ውስጥ ሆኖ ከካርቱም ወጥቶ፣ በገዳሪፍ አድርጎ እዚህ ደርሷል። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ደብተሩ አይናገርም። እንግዲያው እኔው ልናገር፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ወጣቶቻችንን የምለምናቸውም ጭውውቱን እንዳለ እንዳያሳዩት ነው። ምክንያቴን ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ አንባቢ ይፍረድ።

በመጀመሪያ ስለ ጭውውት ጥቂት ልበል። ጭውውት የምንለው ሦስት ወይም አራት ሰዎች የሚጫወቱት፣ መጋረጃና ብዙ ዕቃ የማይፈልግ አጭር ተውኔት ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ታሪክ ወይም አንድ የጥበብ ቃል ይወሰድና የዛሬ ሰው ልብስ ይለብሳል። ንጉሡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ባለዕዳው ተከራይ፣ መበለቲቱ ጉሊት ቸርቻሪ ትሆናለች። የሰንበት ትምህርት ቤቶች በበዓላት ቀን ያሳዩታል፤ ቦታውም ቤተ መቅደሱ ሳይሆን አዳራሹ ወይም ግቢው ነው። ከመዝሙር በኋላና ከስብከት በፊት ስለሚገባ ብዙ ሰው እንደ ማረፊያ ይቆጥረዋል። እኔ በስደት ያየሁት ግን ሌላ ነው። ስብከቱን የረሳ ሰው ጭውውቱን አይረሳም። የማይረሳ ነገር ደግሞ እንደሚጠቅም ሁሉ ይጎዳልና ሂስ ያስፈልገዋል። «መንፈሳዊ ሥራ አይተችም» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የማቀርበው ትችት ግን በቅዱሱ ቃል ላይ ሳይሆን ቃሉን ባለበስነው ልብስ ላይ ነው። ልብሱን የሰፋነው እኛ ነን፤ ቢጠብ ወይም ቢሰፋ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

አል-ጣኢፍን ለማያውቁ አንባብያን፤ በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል ከአል-ሪያድ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን የወሰደው በሒጃዝ ካለችው የጣኢፍ ከተማ ነው። የእኛ ሰዎች በብዛት የሚኖሩት በዴምና በጅሬፍ ነበር፤ ወደ አል-ጣኢፍ የሚያመጣን ሥራ ነው። ሴቶቹ ለቤት ሥራና ሻይ ለመሸጥ፣ ወንዶቹ ለግንባታና ለዘበኝነት እንመጣ ነበር። እኔም የመምህርነት ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ግንባታው ባላለቀ ባለሁለት ፎቅ ቤት ዘበኛ ሆንሁ፤ እነርሱ «ገፊር» ይሉታል። በሱዳን የሥራ ዕረፍት ዓርብ በመሆኑ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚያ ቤት ግቢ ተሰብስበን እንጸልይና እንዘምር ነበር። ሁለት አንገረብ ጎን ለጎን ስናቆም መድረክ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ፣ መጥፋቱም አይቀርም፣ የስልክ መብራት እናበራለን። በከሻ ቀን፣ ፖሊስ መንገድ ላይ የውጭ ዜጋ በሚያፍስበት ቀን ማለቴ ነው፣ ግማሹ ተዋናይ ይቀርና ጭውውቱ በተገኙት ሰዎች ይታያል።

አሁን ወደ ጭውውቱ። «የጠፋችው ልጅ» የተወሰደው በሉቃስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ ካለው ከጠፋው ልጅ ምሳሌ ነው። ወንዱን ልጅ ሴት አደረግሁት፤ ከተመልካቾቻችን የሚበልጡት ሴቶች ነበሩና። በመጀመሪያው ክፍል ልጅቱ ከአባቷ ተጣልታ፣ ድርሻዬን ብላ ገንዘቧን ተቀብላ፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ትሻገራለች። በሁለተኛው ክፍል በካርቱም ከወንዶች ጋር ስትጠጣና ስትጨፍር ትታያለች፤ ገንዘቧ ሲያልቅ ጓደኞቿ ይሸሿታል፤ የአሠሪዎቿን ትርፍራፊ እስከመብላት ትደርሳለች። በሦስተኛው ክፍል አገሯ ገብታ በአባቷ እግር ላይ ትወድቃለች፤ አባት ያነሣታል፤ በግ ይታረዳል። ከዚያ አንድ ሰው ነጠላ አጣፍቶ ብቅ ይልና፣ ከአባት ቤት መውጣት መጨረሻው ይህ መሆኑን፣ የወጣን ሁሉ ልባችንን ልንመረምር እንደሚገባ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይመክራል።

ጭብጨባው ደማቅ ነበር። አንዳንዶች አልቅሰዋል። እኔም ዕንባቸውን ቆጥሬ ሥራዬ ተሳካ አልሁ።

ሕዝቡ ሲበተን፣ በጎዳናው ማዕዘን ሻይ የሚሸጡ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት ብርጭቆ እየለቀሙ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ደክመህበታል። እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

«አሜን፣ እማማ። ወደዱት?»

«ያቺ ልጅ ድርሻዋን ተቀብላ ነው የወጣችው። እኔ ስወጣ ሊጤ በቡሃቃ ላይ ነበር።»

ዝም አልሁ።

«ደግሞ መልሰህ አገሯ አስገባሃት። እኔን ወዴት ትመልሰኛለህ? የጠፋው ቤቱ ነው እንጂ እኔማ ይኸው አለሁ።»

ሌላ አልተናገሩም። ብርጭቋቸውን በባልዲ ውሃ እያለቀለቁ ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚያች ሌሊት የፎቁን ደረጃ ስወጣና ስወርድ አነጋሁ። የሠራሁት ስሕተት ቀስ በቀስ ታየኝ፤ ሦስት ነው።

አንደኛው እማማ የነገሩኝ ነው። በምሳሌው ውስጥ ያለው ልጅ በፈቃዱ ወጣ፤ ድርሻውን ለምኖ ተቀበለ፤ መንገዱን መረጠ። በዚያ ግቢ ተቀምጠው ያዩት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ሞት በኋላቸው ቆሞ የወጡ ናቸው። እኔ ሁለቱን አንድ በማድረጌ ሽሽትን ኃጢአት አደረግሁት። ያለቀሱት ሰዎች ስለ ኃጢአታቸው ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ምናልባት ያለቀሱት ያ የሚመለሱበት ደጃፍ ስለሌላቸው ይሆናል።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ወንጌሉን እንደገና ሳነብ ነው። ታሪኩ ስለ ታናሹ ልጅ ሲናገር ገንዘቡን በልቅነት አባከነው ይላል እንጂ ስለ ሴቶች አንዳች አያነሣም። ከጋለሞታዎች ጋር ጨረሰው የሚለው ማነው? ታላቅ ወንድሙ ነው። ሩቅ አገር ያልሄደው፣ በዐይኑ ያላየው፣ ከእርሻ ሲመለስ የዘፈን ድምፅ ሰምቶ በደጅ የተቆጣው ታላቅ ወንድም! እኔ ይህን በቁጣ የተነገረ ክስ ወስጄ፣ የተረጋገጠ እውነት አስመስዬ፣ በሁለተኛው ክፍል በተዋናይ አሳየሁት። በካርቱም ስለሚኖሩ እኅቶቻችን በአገር ቤት የሚወራውን ሐሜት በቅዱስ መጽሐፍ ስም አተምሁበት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ወለል ሲያጥቡ ውለው ለመጡ ሴቶች ያቀረብሁላቸው መንፈሳዊ ማዕድ ይኸ ነበር።

ሦስተኛው ስሕተት ታላቅ ወንድሙን ራሱን ማስቀረቴ ነው። ጊዜ ያጥራል ብዬ ቆረጥሁት። ነገር ግን ምሳሌው በማን ላይ ይፈጸማል? በታናሹ ላይ አይደለም። አባት ከቤት ወጥቶ በደጅ ታላቁን ልጅ ሲለምነው ያበቃል። ታላቁ ልጅ ይግባ አይግባ አልተነገረንም። ታሪኩ የተነገረው ከኃጢአተኞች ጋር ለምን ይበላል ብለው ያጉረመረሙ ሰዎች በቆሙበት ነውና መልሱ ለእነርሱ የተተወ ነው። እኔ ያንን ክፍት በር ዘግቼ በምትኩ ነጠላ ያጣፋ መካሪ አቆምሁበት።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? ሙያዬ ያመጣብኝ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የዕለት ትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ስንማር ሠንጠረዡ እንዲህ ነበር፤ ዓላማ፣ መግቢያ፣ አቀራረብ፣ ማጠቃለያ፣ ግምገማ። ዓላማው አስቀድሞ ይጻፋል፤ ማጠቃለያው ከዓላማው ጋር መግጠም አለበት። ይኸ ዘዴ ክፍልፋይ ለማስተማር ጥሩ ነው። ግማሽና ሩብ ሲደመር ስንት እንደሚሆን መምህሩ አስቀድሞ ያውቃል፤ ማወቅም ይገባዋል። በታላቅ ወንድምና በታናሽ ወንድም መካከል ያለውን ነገር ግን የትኛው መምህር አስቀድሞ ያውቀዋል? ጭውውቶቻችንን በብዛት የምንጽፈው መምህራንና የመምህራን ተማሪዎች በመሆናችን፣ ከእንግዲህ ብዕር ስናነሣ ሠንጠረዡን ከደጅ እንድናስቀምጥ አሳስባለሁ።

«ሕዝባችን ካልተነገረው አይገባውም» የሚሉ አሉ። የገዛ ባህላችን ግን አይመሰክርላቸውም። የቅኔ መምህር ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን ተማሪው እንዲቆፍር ይተወዋል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንታችን አንዱን ቃል ተርጉመው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ደግሞም «አንድም» ይላሉ። ቤተ ክህነቱ ራሱ ለአንድ ምሳሌ ብዙ ፍች ሲሰጥ፣ እኛ የሃያ ደቂቃ ጭውውት ጽፈን አንድ ፍች ብቻ እንፈቅዳለን!

የዘመናዊው ተውኔታችን አጀማመርም ቢሆን በምሳሌ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን ሥራቸውን ሲያቀርቡ የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አደረጉ። በመድረኩ ላይ ያሉት አውሬዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን የአስተዳደር ብልሹነት ነበር። ተመልካቾቹ መኳንንት መካሪ ሳያስፈልጋቸው ነገሩ ገባቸው፤ ስለገባቸውም ሥራው ታገደ። ዮፍታሔ ንጉሤም ከጎጃም የቅኔ ቤት ወጥቶ በትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ተማሪዎቹን አሠልጥኖ ተውኔት ያሳየ ሰው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሰደደውም እዚሁ ሱዳን ነበር። ስደተኛ መምህር ጭውውት ሲጽፍ እንግዲህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የቀደመው ግን ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ በዚያው ግቢ ወዳየሁት ሌላ ጭውውት ልለፍ፤ ከእኔ ሥራ የበለጠ ነውና። ርእሱ «አሥራ አንድ ሰዓት» ይባላል። የጻፈው በግንባታ ሥራ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ወጣት ነው። የወሰደውም በማቴዎስ ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ ያለውን የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ነው። ባለቤቱ በማለዳ፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓትና በአሥራ አንድ ሰዓት እየወጣ ሠራተኞች ይቀጥራል፤ ማታ ለሁሉም እኩል አንድ አንድ ዲናር ይከፍላል። ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጽሐፉ ሰዓት አቆጣጠር የእኛው አቆጣጠር ነው፤ ከንጋት ይጀምራል። ካርቱም ውስጥ በሁለት ሰዓት አቆጣጠር እንኖር ነበር፤ ለአሠሪ አንድ፣ ለራሳችን አንድ። ጭውውቱ ላይ ተዋናዩ «አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ» ሲል ማንም በጣቱ መቁጠር አላስፈለገውም። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት እንደቀራት፣ ያን ጊዜ ያልተቀጠረ ሰው ባዶ እጁን እንደሚገባ ሁሉም በሰውነቱ ያውቃል። ደበበ ሰይፉ የተውኔትን ጊዜና ቦታ «መቼት» ብሎ ከመቼና ከየት ባዋሐደው ቃል እንድንጠራ አስተምሮናል። የዚህ ጭውውት ኃይል በመቼቱ ነው። ሌሎቻችን ጥቅሱን መርጠን ሰው ስንፈልግለት፣ ይኸ ወጣት ግን በየማለዳው ከቆመበት የሠራተኛ መጠበቂያ አደባባይ ተነሣና ጥቅሱን እዚያ ቆሞ አገኘው።

አቀራረቡ ይህን ይመስላል። አምስት ሰዎች አካፋና ባልዲ ይዘው ቆመዋል። መኪና ይመጣል፤ ጠንካራውን ይመርጣል። እንደገና ይመጣል፤ ቋንቋ የሚያውቀውን ይመርጣል። በመጨረሻ አንድ የሚያነክስ ሰው ብቻውን ይቀራል። ባለቤቱ መጥቶ «ቀኑን ሙሉ ለምን ሥራ ፈተህ ቆምህ?» ሲለው፣ ሰውየው እግሩን እያየ «መቆሜም ሥራ ነበር፤ የከፈለኝ የለም እንጂ» ይለዋል። በዚህ ጊዜ ግቢው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ዝም አለ። ማታ ሒሳብ ሲከፈል በማለዳ የገቡት ያጉረመርማሉ። የሚያነክሰው ሰው ገንዘቡን በመዳፉ ይዞ አንዴ እነርሱን፣ አንዴ ገንዘቡን ያያል። መብራቱ ጠፋ። አለቀ። ማጠቃለያ የለም፤ መካሪም አልወጣም።

ክርክሩ ያን ጊዜ ጀመረ። «ይኸ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ወገቤ የተቀጠፈ እኔ፣ እኩል የሚከፈለው እርሱ!» ያለ ነበር። አንዲት በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ደግሞ «የቤት ኪራይ በስንት ሰዓት እንደተቀጠርህ አይጠይቅህም» አለችው። በበኩሌ ስለዚህ ምሳሌ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ሰምቼ አላውቅም። ሊቃውንት ሰዓቶቹን በዓለም ዘመናት፣ አንድም በሰው ዕድሜ ይተረጉሟቸዋል፤ እርሷ በእንጀራ ተረጎመችው። የአንድ ቀን እንጀራ የሚያስፈልገው በማለዳ ለተቀጠረውም በአሥራ አንድ ሰዓት ለተቀጠረውም ነው። የግቢው ባለቤት ሱዳናዊው ሽማግሌም በር ላይ ቆመው አይተው ነበር። ነገሩ ሲተረጎምላቸው በእነርሱም ሐዲስ ውስጥ እስከ ቀትር፣ እስከ ዐስርና እስከ መግሪብ ስለተቀጠሩ ሠራተኞች የሚናገር ምሳሌ መኖሩንና በዚያ የመጨረሻዎቹ እጥፍ እንደተከፈላቸው ነገሩን። መካሪ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይነገርም ነበር።

ጉድለት የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ባለቤቱን የተጫወተው ልጅ ነጭ ለብሶ መልአክ መሰለ፤ ቃሉንም እንደ ቅዳሴ አዜመው። ባለቤቱ እንደማንኛውም አሠሪ አቧራ የለበሰ ሰው ቢሆን ደግነቱ ያስደነግጥ ነበር፤ መልአክ ደግ ቢሆን ግን ማን ይደነቃል? የመጀመሪያው ክፍልም ረዝሟል፤ መኪናው ሁለት ጊዜ በከንቱ ይመላለሳል። ከሁሉም የሚከፋው አንዲት ሴት እንኳ አለመኖሯ ነው። የካርቱምን የስደት ኑሮ በጀርባቸው የተሸከሙት ሴቶች ሆነው ሳለ በጭውውቱ ውስጥ ድምፃቸው አይሰማም። ይህን ለጸሐፊው ነገርሁት፤ ተቀበለኝ። ለትንሣኤ ማታ በአዲስ መልክ ሊያሳየውና የሚያነክሰውን ሰው ቦታ ለአንዲት ሻይ ሻጭ ሊሰጣት ጀመረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ሥዑር ነበር። በዚያች ማለዳ ጦርነቱ በካርቱም ፈነዳ። አንገረቦቹ በግቢው እንደቆሙ ቀሩ፤ እኛም ሁለተኛ ጊዜ ተሰደድን።

ይህን ሁሉ የማወጋው ለትዝታ አይደለም፤ ጉዳዩ ከደጃችን ነው። እዚህ ካምፕ ውስጥ በ2013 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው የመጀመሪያውን ክረምት በላስቲክ ሥር ያሳለፉ አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከካርቱም የመጣን አለን። በራሽን ቀን በሰልፉ ላይ የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። «እናንተ በከተማ ስትዝናኑ ኖራችሁ፤ ሲነድድባችሁ ጊዜ የእኛን ልትካፈሉ መጣችሁ» ይባላል። እኛም በበኩላችን «እነዚህ የስንዴ ጌቶች» እንላለን። እንግዲህ ይህ የታላቅ ወንድም ድምፅ አይደለምን? በማለዳ የተቀጠሩት ማጉረምረምስ አይደለምን? ሁለቱም ምሳሌዎች የሚያበቁት ቀድሞ በመጣው ሰው ቅሬታ ነው። ቅሬታው ደግሞ ከንቱ አይደለም፤ ወገቡ በእውነት ተቀጥፏል። ለዚህም ነው አባት ያልተቆጣው፤ ወጥቶ ለመነው እንጂ።

ስለዚህ ወጣቶቻችን «የጠፋችው ልጅ»ን በዚህ በዓል እንደ ጻፍሁት ቢያሳዩት፣ ከካርቱም የመጡት እኅቶች በመላው ካምፕ ፊት የሐሜቱ ምስክር ይሆንባቸዋል፤ ቀድመው የመጡት ደግሞ በጭብጨባ ያጸድቁታል። ይልቁንስ ሁለተኛውን ክፍል ጨርሰው ያውጡት። ጭውውቱን ከታላቅ ወንድም ይጀምሩት፤ የራሽን ካርዱን ይዞ በፀሐይ ሲሰለፍ እንየው፤ ድካሙን እንመን። ታናሺቱ በፌስታል ዕቃዋን ይዛ ትምጣ፤ ከየት እንደመጣች እንጂ ምን ስታደርግ እንደነበረች አይነገረን። አባትየው ነጭ አይልበስ፤ ከእኛው ሽማግሌዎች እንዳንዱ ይሁን። በጎጆው ውስጥ ቡና ይፈላል፤ ታላቁ በራኩባው ጥላ ሥር በደጅ ይቆማል፤ አባት ይወጣል፤ ይለምነዋል። መጨረሻው እዚህ ላይ ይሁን። ይግባ አይግባ ተዋናዩ እንዳይወስንልን። ነጠላ ያጣፋውን ሰውዬም እባካችሁ ያሳርፉት፤ እኔ ፈጠርሁት፤ እኔው አሰናበትሁት።

«መጨረሻ የሌለው ጭውውት ሰው ያስቆጣል» ትሉኝ ይሆናል። ይቆጣ። በአል-ጣኢፍ የተቆጡት ሰዎች በሳምንቱ ዓርብ ቀድመው መጥተው ክርክሩን ቀጥለዋል። በእኔ ጭውውት ያለቀሱት ግን ሲመለሱ ምንም አላሉም፤ የሚሉትን ሁሉ እኔ ጨርሼባቸው ነበርና።

አዲሱን ጽሑፍ ከወጣቶቹ ጋር ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ፤ ማታ ማታ በትምህርት ቤቱ ዳስ እገኛለሁ። የማይስማማ አንባቢም መልሱን ጽፎ ለአዘጋጆቹ ይስጥ፤ በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን ይገልበጥልን። የራሽን ቀን ሐሙስ ነው። ሰልፉ ላይ እንገናኝ።